ሞዴላችሁ ከጋራ ማከማቻ እንዳይመለስ፦ ደረጃ በደረጃ

የሠራችሁት የኮምፒውተር ሞዴል እናንተ ላፕቶፕ ላይ ይሠራል። መመረቂያ ጽሑፉም አልፏል። ወደ ጋራ የሞዴል ማከማቻ ስትልኩት ግን «ማስኬድ አልቻልንም» ተብሎ ይመለሳል። ድሬዳዋም ሐረማያም ካሉ ተማሪዎችና ወጣት መምህራን ደጋግሜ የምሰማው ይህንኑ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ሳይንሱ ላይ አይደለም። ሞዴሉ ለሌላ ሰው እንዲሆን ተደርጎ አልተዘጋጀም።

ነገሩ የእኛ አገር ችግር ብቻም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ አንድ ጥናት 455 የሥነ ሕይወት ሞዴሎችን መርምሮ፣ ግማሽ ያህሉን በጽሑፋቸው ላይ በቀረበው መረጃ ብቻ መድገም እንዳልተቻለ አሳይቷል። እነዚህ ታትመው የወጡ ሥራዎች ናቸው።

ማከማቻዎች የሚያወጡት መስፈርት ሲታይ ረጅም ይመስላል። ፍሬ ነገሩ ግን አንድ ነው፦ ሞዴላችሁን አይቶት የማያውቅ ሰው፣ ለእናንተ ሳይደውል፣ እናንተ ያገኛችሁትን ቁጥር ማግኘት አለበት። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ለዚያ ነው።

ለምሳሌ እንዲሆነን አንድ ሞዴል እንያዝ። በደንገጎ ተራሮች ላይ የጣለ ዝናብ በደቻቱ ወንዝ ወርዶ ድሬዳዋ ከተማ እስኪደርስ ያለውን ጊዜ ያሰላል። ደረቁ የወንዙ አሸዋ ላይ ያለ ሰው ለመውጣት ስንት ደቂቃ እንዳለውም ይገምታል። ድሬ ላይ ጠብታ ሳይወርድ ጎርፍ ሊመጣ እንደሚችል ለምታውቁት ጥያቄው ግልጽ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት

ፎልደሩን ሙሉ በሙሉ ኮፒ አድርጉና ዋናውን አትንኩት። ሥራው ሁሉ ኮፒው ላይ ይሁን።

አማካሪያችሁንና አብረው የሠሩትን አሁኑኑ ጠይቁ። ኮዱን ለሕዝብ መክፈት የእናንተ ብቻ ውሳኔ ላይሆን ይችላል። ፈቃዱን በኢሜይል በጽሑፍ ያዙ። ይህን ለመጨረሻ ያቆዩ ሰዎች ሁሉንም ጨርሰው አንድ ፊርማ ሲጠብቁ ወራት ይሄድባቸዋል።

ደረጃ 1፦ የት እንደምታስቀምጡት ወስኑ

የሰዎችን ወይም የእንስሳትን ባህሪ ተከትሎ የሚሠራ ሞዴል ከሆነ (ኔትሎጎ በሚባለው የሞዴል መሥሪያ ሶፍትዌር የተሠሩት ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው) ኮምሴስ የሚባለው የሞዴል ቤተ መጻሕፍት ይመቻል። እዚያ ግምገማ መጠየቅ ይቻላል። ገምጋሚው ኮዱ ይነበባል ወይ፣ ሰነዱ በቂ ነው ወይ፣ በትንሽ ድካም ይሠራል ወይ ብሎ ያያል። የሕዋስና የበሽታ ሒሳባዊ ሞዴል ከሆነ ባዮሞዴልስ አለ። ከሁለቱም ውጪ ከሆነ፣ ሰርን የተባለው የአውሮፓ የኑክሌር ምርምር ድርጅት የሚያስተዳድረውን ዜኖዶን ተጠቀሙ። ነፃ ነው፤ በአንድ መዝገብ እስከ 50 ጊጋባይት ይቀበላል፤ ቋሚ መለያ ቁጥር ወይም ዲኦአይ ይሰጣል።

የኮድ ማስቀመጫ ድረ ገጹ ጊትሃብ ብቻውን አይበቃም። ባለቤቱ በፈለገ ጊዜ ሊያጠፋው ይችላል። ለመሥሪያ ተጠቀሙበት፤ ለማስቀመጫ ግን ከዜኖዶ ጋር አገናኙት።

ደረጃ 2፦ ፎልደሩን አጽዱ

አራት ፎልደር ይበቃል፦ የኮድ፣ የዳታ፣ የሰነድ፣ የሚጠበቅ ውጤት። «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ 2»፣ «የመጨረሻ የተስተካከለ» የሚሉ ፋይሎች ካሉ ውጤቱን የሰጠው የትኛው እንደሆነ ለዩና ሌላውን አውጡ። የትኛው እንደሆነ ካላወቃችሁ እዚህ ቁሙ። እያንዳንዱን አስኬዱና ጽሑፋችሁ ላይ ካለው ሠንጠረዥ ጋር አስተያዩ። ይህ ሳይለይ ወደ ሚቀጥለው ደረጃ መሄድ ዋጋ የለውም።

የፋይል ስሞችን በእንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደላት፣ ያለ ክፍት ቦታ ጻፉ። በአማርኛ ፊደል የተሰየመ ፋይል እናንተ ጋ ይከፈታል፤ ዚፕ ተደርጎ ሌላ ማሽን ላይ ሲፈታ ግን ስሙ ሊበላሽ ይችላል። ዊንዶውስ ትልቅና ትንሽ ፊደልን አይለይም፤ ሊኑክስ ይለያል። እናንተ ጋ የሠራ ኮድ ገምጋሚው ጋ «ፋይሉ የለም» ካለ መጀመሪያ ይህንን ቼክ አድርጉ።

ደረጃ 3፦ ዳታው፤ እዚህ ጊዜ ወስዳችሁ ሥሩ

ብዙ ሞዴል የሚበላሸው እዚህ ነው፤ የሚከፋው ደግሞ ስህተቱ ድምፅ የማያሰማ መሆኑ ነው። ኮዱ ይሮጣል፣ ቁጥር ይወጣል፣ ቁጥሩ ግን ልክ አይደለም።

*ቀኑ።* ትልቁን የደቻቱ ጎርፍ እንውሰድ። ሌሊቱ ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሊነጋ ነበር፤ በአውሮፓ አቆጣጠር ኦገስት 6 ቀን 2006። መዝገቡ ላይ ይህ ቀን 30/11/1998 ተብሎ ይጻፋል፤ ሐምሌ 11ኛ ወር ነውና። ኮምፒውተሩ ይህን ሲያነብ ኖቬምበር 30 ቀን 1998 ብሎ ይረዳዋል። ይኸውም ኅዳር 1991 ነው፤ በጋ። ያ ቀን የሳተላይት ዝናብ መረጃም ስላለው ምንም ማስጠንቀቂያ አይመጣም። ሞዴሉ ደርቆ የዋለ ወንዝ ያሳያችኋል።

እኛ ወራቱን ሁሉ 30 ቀን ስለምናደርግ ጥቅምት 30 ደግሞ 30/2 ሆኖ ይጻፋል። ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን የለምና ኮዱ እዚያ ላይ ይቆማል። ጳጉሜን ጨርሶ አይገባውም፤ 13ኛ ወር ነው። እንዲህ ያለ ስህተት ከወጣ ደስ ይበላችሁ፤ ችግሩ ራሱን አሳይቷል። መስመሩን ሰርዛችሁ እንዳታልፉ። የቀን ዓምዱን ሙሉ ቀይሩ።

ማድረግ ያለባችሁ ይህ ነው፦

1. የኢትዮጵያን ቀን የያዘውን ዓምድ እንዳለ ተዉት።
2. አጠገቡ አዲስ ዓምድ ክፈቱና በአውሮፓ አቆጣጠር ዓመት፣ ወር፣ ቀን በሚል ቅደም ተከተል ጻፉ። ከላይ ያለው ቀን 2006-08-06 ይሆናል።
3. ከዓምዱ አሥር ያህል ቀን መርጣችሁ በእጅ አስሉና አረጋግጡ። ከእነሱ አንዱ ጳጉሜን፣ አንዱ መስከረም 1 ይሁን።
4. ፋይሉን ሲኤስቪ አድርጋችሁ ካስቀመጣችሁ በኋላ በኤክሴል ከፍታችሁ መልሳችሁ ሴቭ አታድርጉ። ኤክሴል የቀኑን አጻጻፍ ሳይጠይቅ ይቀይራል። ማየት ብቻ ከፈለጋችሁ በኖትፓድ ክፈቱት።

*ሰዓቱ።* በዝናብ መለኪያ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የተነበበ ቁጥር ያለፉት 24 ሰዓታት ዝናብ ነው። ስለዚህ ማታ የዘነበው የሚጻፈው በማግሥቱ ቀን ስር ነው። የሳተላይት የቀን ድምር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በዓለም አቀፉ ሰዓት እኩለ ሌሊት ላይ ነው፤ በእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት። ሁለቱ «ቀኖች» የስድስት ሰዓት ልዩነት አላቸው። ለወር ድምር ይህ ምንም አይደለም። ለደቻቱ ግን ጎርፉ የሚወርደው በሰዓታት ውስጥ ነው፤ ስድስት ሰዓት ሁሉም ነገር ነው። የትኛው ፋይል በየትኛው ሰዓት እንደተለካ ሰነዱ ላይ ጻፉ። «ጠዋት 3 ሰዓት» ብቻ ብላችሁ አትለፉ፤ የውጭ አንባቢ ሌሊት አድርጎ ይረዳዋልና ከዓለም አቀፉ ሰዓት ጋር አያይዙት።

*ቦታው።* ይህ በተለይ የድሬና የሐረር ጣጣ ነው። 42ኛው የምሥራቅ ኬንትሮስ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያልፋል፤ ዩቲኤም በሚባለው የካርታ መጋጠሚያ ሥርዓት ዞን የሚቀየረውም እዚያው መስመር ላይ ነው። ድሬዳዋ ዞን 37 ናት፣ ሐረር ዞን 38። የድሬ የምሥራቅ ቁጥር ከ810 ሺህ ሜትር ይበልጣል፤ የሐረር ከ190 ሺህ በታች ነው። የድሬን ነጥብ በስህተት ዞን 38 ብላችሁ ካስገባችሁት ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ምሥራቅ ይሸሻል። ያኛውስ ካርታ ላይ ወዲያው ይታያል።

የማይታየው ሌላ ነው። የቆዩ የአገራችን ካርታዎች አዲንዳን በሚባለው የመለኪያ መነሻ (ዳተም) የተሠሩ ናቸው። ጂፒኤስ የሚሰጠው ደግሞ በደብልዩጂኤስ 84 ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በእኛ አካባቢ ከ200 ሜትር በላይ ነው። 200 ሜትር ማለት ደቻቱ ዳር ያለን ቤት ከውኃው መንገድ ማውጣት ወይም ደረቅ መሬት ላይ ያለውን ውኃ ውስጥ ማስገባት ነው።

ሁሉንም ንብርብር ወደ አንድ ሥርዓት ቀይሩ። ለድሬ ኢፒኤስጂ 32637 (የደብልዩጂኤስ 84 ዩቲኤም ዞን 37 ሰሜን መለያ ቁጥር) ተጠቀሙ። ሞዴላችሁ ሐረርንም የሚነካ ከሆነ አንዱን ዞን ምረጡና ለሁለቱም እሱኑ ያዙ። ቁጥሩን ሰነዱ ላይ ጻፉት። ከዚያ ሳተላይት ምስል ላይ ጫኑና የምታውቁትን ድልድይ ፈልጉ። ነጥቡ ድልድዩ ላይ ካላረፈ መነሻው ተሳስቷል፤ በእጅ ጎትታችሁ አታስተካክሉ።

*መለኪያው።* በእያንዳንዱ ዓምድ ራስጌ ላይ መለኪያውን ጻፉ። «ዝናብ» አይበቃም። ሚሊ ሜትር በሰዓት ነው ወይስ በቀን? ያልተለካ ቀን ባዶ ይሁን፤ ዜሮ አታድርጉት። ዜሮ ማለት አልዘነበም ማለት ነው።

*ባለቤትነቱ።* በደብዳቤ ጠይቃችሁ ከመሥሪያ ቤት ያገኛችሁት ዳታ ለእናንተ ጥናት የተሰጠ ነው። ያለ ጽሑፍ ፈቃድ አትስቀሉት። በምትኩ ተመሳሳይ ቅርጽ ያለው የሙከራ ዳታ ሠርታችሁ አስገቡ፤ እውነተኛው ከየት እንደሚጠየቅም ጻፉ። ቤት ለቤት የሰበሰባችሁት መጠይቅ ከሆነ ስም፣ ስልክና የቤቱን ትክክለኛ ነጥብ አውጡ። ገንደ ቆሬ ወይም መጋላ ውስጥ ያለ አንድ ቤት በጂፒኤስ ነጥብና በቤተሰብ ብዛት በቀላሉ ይታወቃል። ሰዎቹ አምነው ነው የነገሯችሁ።

ደረጃ 4፦ ኮዱን ከላፕቶፓችሁ አላቁት

ኮዱ ውስጥ «ሲ ድራይቭ፣ ዩዘርስ፣ ዴስክቶፕ» የሚል መንገድ ፈልጉ። አንድ እንኳ ከተገኘ ሌላ ሰው ጋ አይሠራም። ሁሉንም ከፎልደሩ በሚጀምር አጭር መንገድ ተኩ።

ቀጥሎ ቁጥሮቹን ተመልከቱ። በስሌቱ መሀል «0.035» የሚል ቁጥር ተቀምጦ ከሆነ አንባቢው ምን እንደሆነ አያውቅም። ስም ስጡት፣ ከላይ አውጡት፣ ከየት እንዳመጣችሁት አጠገቡ ጻፉ። የአሸዋው ሻካራነት ከሆነ የአሸዋው ሻካራነት በሉት።

ሞዴሉ ዕጣ የሚያወጣ ከሆነ፣ ማለትም በዘፈቀደ ቁጥር ከተጠቀመ፣ የመነሻ ቁጥሩን ወይም ሲዱን ቆልፉ። አለበለዚያ በሮጠ ቁጥር የተለየ መልስ ይሰጣል፤ ገምጋሚውም ልክ ይሁን ስህተት ማወቂያ የለውም።

ደረጃ 5፦ የሶፍትዌሩን ዝርዝር በትክክል ያዙ

ፓይተን ለምትጠቀሙ፦ አናኮንዳ ላይ ቀጥታ ፒፕ ፍሪዝ (የተጫኑትን ጥቅሎች የሚዘረዝረው ትእዛዝ) አድርጋችሁ የወጣውን አትላኩ። ሞዴሉ የማይጠቀምባቸው ጥቅሎች ሁሉ ይገባሉ፤ አንዳንዶቹ መስመሮች ደግሞ ሌላ ማሽን ላይ የማይገኝ የፋይል መንገድ ይይዛሉ። እንዲህ አድርጉ፦

1. አዲስ ባዶ የፓይተን አካባቢ (ኢንቫይሮንመንት) ክፈቱ።
2. ሞዴሉን ለማስኬድ ሞክሩ። «ይህ ጥቅል የለም» ሲል እሱን ብቻ ጫኑ።
3. እስኪሠራ ድረስ ድገሙ።
4. ከዚያ ዝርዝሩን አውጡ።

ኔትሎጎ ከሆነ የስሪት ቁጥሩን ሙሉ ጻፉ። አር የሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ከሆነም የቋንቋውንና የእያንዳንዱን ጥቅል ስሪት። ክራክ የተደረገ ሶፍትዌር የሚፈልግ ሞዴል ማንም አይቀበልም። ነፃ አማራጭ ካለ አሁን ቀይሩ።

ደረጃ 6፦ ሰነዱን ጻፉ

ሁለት ነገር ያስፈልጋል።

አንደኛው ሪድሚ ነው። አንድ ገጽ ይበቃል፦ ሞዴሉ ምን ያደርጋል፣ ምን መጫን አለበት፣ የትኛው ትእዛዝ ያስኬደዋል፣ ስንት ደቂቃ ይወስዳል፣ ምን መውጣት አለበት። ገምጋሚው ከየትም ሊሆን ስለሚችል በእንግሊዝኛ ጻፉት። የአማርኛ ቅጂም አብራችሁ አስቀምጡ፤ ነገ ሞዴሉን የሚፈልገው የከተማው አስተዳደር ባለሙያ ወይም የሚቀጥለው ዓመት ተማሪ ነው።

ሁለተኛው የሞዴሉ መግለጫ ነው። ለግለሰብ ተኮር ሞዴሎች (የእያንዳንዱን ሰው ወይም እንስሳ ባህሪ ለሚከተሉት) ኦዲዲ የሚባለው አጻጻፍ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ወጥቶ በ2010 እና በ2020 ተሻሽሏል። ሰባት ክፍሎች አሉት፦ ዓላማው፤ በውስጡ ያሉት አካላትና መጠናቸው፤ የሂደቱ ቅደም ተከተል፤ የአነዳደፉ ሐሳቦች፤ አነሳሱ፤ የሚገባው ዳታ፤ ዝርዝር ስሌቶቹ።

ሰዎች ቶሎ የሚያልፉት የቅደም ተከተሉን ክፍል ነው። «ሰዎች ይንቀሳቀሳሉ፣ ውኃው ይጨምራል» ማለት አይበቃም። በአንድ ደቂቃ ውስጥ መጀመሪያ ማን ነው የሚንቀሳቀሰው? ውኃው ቀድሞ ከፍ ካለ አሸዋው ላይ ያለው ሰው ተይዟል። ሰውዬው ቀድሞ ከተራመደ ወጥቷል። አንድ ዓይነት ሞዴል፣ ሁለት የተለያየ የሟቾች ቁጥር። ኮዳችሁን ከፍታችሁ የትኛው መስመር እንደሚቀድም እዩና ያንን ጻፉ። ያሰባችሁትን ሳይሆን ኮዱ የሚያደርገውን።

ደረጃ 7፦ በሌላ ሰው ላፕቶፕ ፈትኑት

ይህን ደረጃ የሚዘሉት ናቸው አብዛኞቹ ተመላሾች።

1. አጭር ሙከራ አዘጋጁ። ሙሉው ስሌት ሌሊቱን የሚፈጅ ከሆነ ገምጋሚው አይጠብቅም። አንድ ዝናብ፣ አንድ ሰፈር፣ ከአሥር ደቂቃ በታች ይሁን።
2. የሙከራውን ውጤት «የሚጠበቅ ውጤት» ፎልደር ውስጥ አስቀምጡ። ምን ያህል ልዩነት እንደሚፈቀድም ጻፉ።
3. ዚፕ አድርጉና በፍላሽ ለሌላ ክፍል ጓደኛ ስጡ። ሞዴሉን የማያውቅ ይሁን። ዊንዶውስ ከተጠቀማችሁ እሱ ሊኑክስ ቢኖረው ይመረጣል።
4. አጠገቡ ተቀመጡ፤ ግን አትናገሩ። «እሱን ተወው፣ ይሄን ተጫን» ማለት ስትፈልጉ ያንን ወረቀት ላይ ጻፉ። እያንዳንዷ መስመር ሪድሚው ውስጥ የጎደለች ናት።
5. ሪድሚውን አስተካክሉና በሌላ ሰው ድገሙ። የመጀመሪያው ሰው አሁን ለምዶታል፤ አይጠቅምም።

ውጤቱ ካልገጠመ ወዲያው ኮዱን አትንኩ። በዚህ ቅደም ተከተል እዩ፦ ሲዱ ያው ነው? የጥቅሎቹ ስሪት ያው ነው? የዳታ ፋይሉ ያው ነው? ልዩነቱ ከነጥብ በኋላ ሩቅ ላይ ከሆነ የማሽኖቹ ልዩነት ሊሆን ይችላል፤ በምትፈቅዱት ልዩነት ውስጥ መሆኑን አረጋግጡ። የመጀመሪያው አኃዝ ላይ ከሆነ ግን እውነተኛ ችግር አለ፤ ወደ ደረጃ 3 ተመለሱ።

ሌላ ምክር፦ ረጅሙን ስሌት ድሬ ላይ እኩለ ቀን አታስጀምሩ። ላፕቶፑ ሲግል ራሱን ያዘገያል፣ አንዳንዴም ይጠፋል። ማለዳ ወይም ማታ አስጀምሩ፤ መብራት ቢጠፋ ካቆመበት እንዲቀጥል ኮዱ በየተወሰነ ጊዜ ሴቭ ያድርግ።

ደረጃ 8፦ ፈቃዱን አስገቡና ስቀሉ

የፈቃድ ፋይል የሌለው ኮድ ለማየት እንጂ ለመጠቀም አልተፈቀደም። ለኮዱ ኤምአይቲ ወይም ጂፒኤል፣ ለዳታውና ለሰነዱ ከክሪዬቲቭ ኮመንስ አንዱን ምረጡ።

ጊትሃብን ከዜኖዶ ጋር የምታገናኙ ከሆነ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። መጀመሪያ ዜኖዶ ላይ የማገናኛውን ማብሪያ አብሩ። ከዚያ በኋላ ጊትሃብ ላይ ሪሊዝ፣ ማለትም ቁጥር የተሰጠው ስሪት፣ አውጡ። ማብሪያው ከመብራቱ በፊት የወጣ ሪሊዝ አይያዝም። ጊትሃብ ከ100 ሜጋባይት በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም፤ ትልቁን የከፍታ ካርታ በቀጥታ ዜኖዶ ላይ አስቀምጡ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ በሳንድቦክስ፣ ማለትም በዜኖዶ መለማመጃ ገጽ ሞክሩ። እዚያ የሚሰጠው ዲኦአይ እውነተኛ አይደለም፤ ጽሑፋችሁ ላይ እንዳታስገቡት። እውነተኛው ገጽ ላይ ፋይሉን በእጅ የምትስቀሉ ከሆነ ከማተማችሁ በፊት ዲኦአይውን ቀድሞ መያዝ ይቻላል። ያዙና ሪድሚው ውስጥ ጻፉት።

ኔትወርክ ተቆራርጦ ፋይሉ ጎድሎ ሊገባ ይችላል። ዜኖዶ ከፋይሉ ጋር ኤምዲ5 የሚባል ረጅም መለያ ያሳያል። ዊንዶውስ ላይ ሰርትዩቲል በሚባለው ትእዛዝ የእናንተንም አውጡና አስተያዩ። አንድ ፊደል ከተለየ አጥፉና እንደገና ስቀሉ። ካተማችሁ በኋላ ፋይሉን እንደልብ መቀየር ስለማይቻል ይህን ከማተም በፊት ጨርሱ።

ደረጃ 9፦ አስተያየት ሲመጣ፣ ስህተትም ሲገኝ

ገምጋሚው ከመለሰ በእያንዳንዱ ነጥብ ስር ምን እንዳስተካከላችሁና የት ፋይል ላይ እንደሆነ ጻፉ። «ተስተካክሏል» ብቻ አይበቃም። «እኔ ጋ ይሠራል» ብላችሁ አትከራከሩ፤ ማሽኑን፣ ስሪቱን፣ የወጣውን ስህተት ጠይቁና ያንኑ ሁኔታ ፈጥራችሁ ሞክሩ።

ከታተመ በኋላ ስህተት ካገኛችሁ አዲስ ስሪት አውጡ። አሮጌው እንዳለ ይቆያል፤ ዜኖዶ ለእያንዳንዱ ስሪት የራሱ ዲኦአይ፣ ለሁሉም ደግሞ አንድ የጋራ ዲኦአይ ይሰጣል። ጽሑፍ ላይ የምትጠቅሱት ውጤቱን የሰጠውን ስሪት ዲኦአይ ነው። በለውጥ መዝገቡ ላይ ምን እንደተሳሳተ፣ የትኞቹ ውጤቶች እንደሚቀየሩ፣ በስንት እንደሚቀየሩ ጻፉ። ሞዴሉን ለማስጠንቀቂያ ሥራ የወሰደ መሥሪያ ቤት ካለ ደግሞ አዲሱን ስሪት ራሱ እስኪያገኘው አትጠብቁ። በዚያው ቀን ደውሉ።